ፎር ዊሉ ከመግባቱ በፊት እግርሽ ይግባ

የአንባቢያን ጥያቄ እና መልስ

ሰኔ ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ ይለወጣል። በበጋ ስለ ዘይት፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ መለዋወጫ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ደብዳቤ ጭቃ ጭቃ ይላል። ከተማው ሰፋ፤ ሰው ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ገላን ቤት ሠርቶ ገባ። አስፋልቱ ግን እስከ በሩ አልተከተለውም።

እኔም የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከጎጃም መንገድ ተገንጥሎ ቤቴ እስኪደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ዋልካ አለ። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ 19 ዓመት በላንድክሩዘር ክትባት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሳመላልስ ኖሬያለሁ። የምመልሰው ከዚያ በቀረልኝ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ሱዙኪ ቪታራ ገዛሁ። ማኑዋል ነው፤ ፎር ዊሉ በትንሿ ማርሽ ይገባል። የገዛሁት እናቴን ክረምትም ቢሆን ለመጠየቅ ነው። ቤቷ ከጫንጮ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለፈው እሁድ ከአስፋልት በወጣሁ ከ400 ሜትር በኋላ ተያዝኩ። ፎር ዊል አስገብቼ ነበር። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው አይሄድም። ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አወጡኝ። ሻጩ «ይቺ የማትወጣው የለም» ብሎኝ ነበር። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ በመኪናዋ አልተታለልሽም። በሻጩ ንግግር ግን ተታለሽ ይሆናል። የማትወጣው የሌላት መኪና የለችም። እኔ የነዳሁት ላንድክሩዘር ስንቴ ተቀምጦብኛል!

አንድ ነገር አስቀድመሽ አጣሪ። በእርግጥ አራቱም ጎማ ዞሯል? አሮጌ ቪታራ ላይ መብራቱ በርቶ የፊቱ ጎማ የማይሠራበት ጊዜ አለ። አንዳንዶቹ የፊት ጎማቸው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። እሱ ካልተቆለፈ ውስጥ ሆነሽ ማርሹን ብታስገቢም የፊቱ ጎማ ኃይል አያገኝም። ልቅ ጠጠር ያለበት ቦታ ውሰጃት። ፎር ዊል አስገቢና ሰው በጎን፣ ራቅ ብሎ ይቁምልሽ። ድንገት ቤንዚን ስትሰጪ የፊቱም ጠጠር ከበተነ ጤነኛ ነው። ከኋላ ብቻ ከተበተነ ወደ ጋራዥ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ይህን አትሞክሪ። በዚህ ዓይነት መኪና ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞር ይታሰራል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የፊቱ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቃልለዋል። አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለ ጭንቀቱ ወደ ማርሹ ጥርሶች ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋልካው። የሱሉልታን ሜዳ በክረምት አይተሽዋል። ከእንጦጦ ወዲህ ያለው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ሜዳው ግን ቶሎ አይለቀውም። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል። ከላይ ስታዪው የደረቀ የሚመስል ቆዳ ሊኖረው ይችላል። ስሩ ሊጥ ነው።

ስለዚህ እኔ ዋልካ ፊት ስደርስ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ሞተር አጥፍቼ እወርዳለሁ። ቦት ጫማዬ ሁልጊዜ ከወንበሬ ኋላ ነው። ከባህር ዛፍ የተቆረጠች፣ አውራ ጣት የምታህል ዘንግም አለችኝ፤ ከጫፏ አንድ ስንዝር ላይ በቢላ ምልክት አድርጌባታለሁ። መኪናው ጎማ በሚያልፍበት በግራውም በቀኙም መስመር እሄዳለሁ። በየአምስት እርምጃው ቆሜ ተረከዜን ጫን አደርጋለሁ። ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ጠንካራ ነገር ካገኘ ጥሩ ነው። ተረከዜ ዝም ብሎ ከሰመጠና ሳወጣው «ጯቅ» ብሎ ጥቁሩን አፈር ይዞ ከመጣ ዘንጓን እተክላለሁ። በእጄ ክብደት ብቻ ምልክቷ ድረስ ከገባች እመለሳለሁ። አልጨቃጨቅም። የቪታራሽ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ስንዝር። አፈሩ ያን ያህል ለእጅ ከለቀቀ፣ ከአንድ ቶን ለሚበልጥ መኪና ይለቃል ማለት ነው። ያኔ ዲፉ፣ ከሆዷ ስር ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ቤት፣ አፈር ላይ ይቀመጣል፤ ጎማው አየር ላይ እንዳለ ያህል ይዞራል። አንቺን የያዘሽም ይኸው ይመስለኛል።

400 ሜትር በእግር መሄድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እሁድ ዕለት በሬ እስኪጠመድ ስንት ሰዓት ቆምሽ?

ያልፋል ብለሽ ከወሰንሽ፣ ፎር ዊል የሚገባው ጭቃው ውስጥ ሳይሆን ጭቃው ፊት ነው። መኪናውን አቁሚና ፎር ኤል አድርጊ፤ ቀርፋፋው ግን ጉልበታሙ ፎር ዊል ማለት ነው። «ለዚች ጭቃ ምን አስፈለገ» አትበይ። እኛ የምንነዳው ከ2500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ያቺ ትንሽ ሞተር በፎር ኤች፣ በፈጣኑ ፎር ዊል፣ ስትታገል ጉልበት ያንስሽና ቤንዚን ትረግጫለሽ። ስትረግጪ ጎማው ይፈተለካል። ፎር ኤል በሁለተኛ ማርሽ ስትሆኚ ሞተሩ ራሱ ቀስ ብሎ ይጎትትሻል።

እግርሽ ቤንዚኑ ላይ እኩል ይሁን። መሃል ላይ ማርሽ አትቀይሪ፣ ፍሪሲዮን አትንኪ። መኪናው እየቀዘቀዘ ሲመጣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አወዛውዢ። የጎማው ጠርዝ አዲስ አፈር ይነክሳል። አውራ ጣትሽን መሪው ውስጥ አትጠምልዪ። ጎማው የተደበቀ ድንጋይ ሲመታ መሪው ድንገት ይዞራል፤ ጣት ይሰብራል። ጎማው እየዞረ መኪናው ቆመ? እግርሽን ወዲያው አንሺ። በዚያች ቅጽበት ብታነሺ በመጣሽበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት ትችያለሽ። ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጪው ቤንዚን በሙሉ ለቁፋሮ ነው።

የጎማ ነፋስስ? ለስላሳ መሬት ላይ ነፋስ መቀነስ ይረዳል። ጎማው ረዘም ብሎ መሬቱን ይይዛል። አስፋልት ላይ 30 ፒኤስአይ የምትነጂ ከሆነ ወደ 20 አውርጂው። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጎማሽ ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ በጣም አታውርጂ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ካላማዳሪያውን ከነቫልቩ ይቆርጠዋል። ሌላው፣ የሚሞላ ነገር ሳትይዢ አትቀንሺ። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ ትንሽ መንፊያ ያዢ። በቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎማውን ያግለዋል፤ ሊፈነዳብሽ ይችላል።

ከተቀመጠች ደግሞ አትታገያት፤ ውረጂና ቆፍሪ። ከጎማው ፊትና ከሆዷ ስር ያለውን አፈር አውጪ። በክሪክ ስታነሺ ከክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ ይኑር፤ አለበለዚያ የሚወርደው ክሪኩ ነው። ክሪክ ላይ ካለ መኪና ስር ሰውነትሽ አይግባ። አንድ ጎማ ከፍ ሲል ጉድጓዱን በኮረት ድንጋይ ወይም በባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ሙዪው። ቅርንጫፉን ከመቁረጥሽ በፊት የዛፉን ባለቤት ጠይቂ።

እናትሽ ጋ ስትሄጂ ጠዋት ውጪ። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። 7 ሰዓት ላይ ለመመለስ አስቢ። ደመናው እንጦጦ ላይ ከጠቆረ ቡናው ሦስተኛ ላይ ባይደርስም እናትሽ ይረዱሻል። ወይም እደሪ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። በሰንዳፋ በኩል የእርሻ ሥራ አለኝ። ናፍጣ ሃይሉክስ ነው የምነዳው። መንገዴ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። በበጋ ጠጠሩን እያየሁ ነው የማልፈው። አሁን ሞልቷል፤ ጋሪዎች ግን ያልፋሉ። ጋሪ ካለፈ እኔ ለምን አላልፍም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጋሪውን አይተህ አትግባ። የጋሪ ጎማ ቀጭን ነው፣ ውሃው ይሰነጠቅለታል። አየር የሚስብ ሞተርም የለውም። ፈረሱ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱን እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። የአንተ መኪና ጎኑ ሰፊ ነው፤ ውሃው እንደ ግድግዳ ይገፋዋል። በኃይል የሚሄድ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ማንሳት ይጀምራል። 60 ሲደርስ እንዳንተ ያለውንም ይወስዳል።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ነሐሴ ነበር። ጠዋት አንድ ወንዝ ተሻገርን፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ማታ 11 ሰዓት ስንመለስ እዚያው ነው። እኛ ባለንበት ጠብታ አልወረደም። ተራራው ላይ ግን ዘንቦ ኖሯል። ውሃው የቡና አተላ መስሎ፣ ጭራሮ ይዞ ይወርድ ነበር። ወርጄ አላየሁም። ጠዋት አልፌዋለሁ ብዬ ገባሁ። ያልተሰጠ ክትባት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ችኮላዬ ለእሱ ነበር።

መሃል ላይ የፊቱ ጎማ ጠጠሩ የታጠበበት ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ውሃው ኮፈኑ ላይ ወጣ። ሞተሩ እንደታነቀ ሰው አንዴ ክክ ብሎ ጠፋ። እኔም ደንግጬ ቁልፉን መልሼ አዞርኩ። ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ይኸ ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ የገባው ውሃ ፒስተኑን እምቢ አለ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ተጣመመ። ረዳቴና እኔ በመስኮት ወጥተን ሳጥኑን በትከሻ ተሸክመን ዳር ደረስን። ክትባቱ ተረፈ። መኪናው ግን አራት ወር ጋራዥ ቆመ። በእነዚያ አራት ወራት የዚያ መስመር ክትባት በበቅሎ ነበር የሚሄደው። የሁለቱን የመጨረሻ ቀበሌዎች ሕፃናት ወረፋ ያዛባሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ይሰማኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን እይ። ቀለሙ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ከያዘ እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ ድንጋይ ምልክት አድርገህ ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ድንጋዩ ከተዋጠ ወሬው አልቋል፤ ተመለስ። ውሃው የረጋና ዝግ ያለ ከሆነ በእግርህ ግባ፤ በዘንግ እየነካህ፣ ገመድ ወገብህ ላይ ታስሮ፣ ዳር ላይ ሰው ይዞልህ። ጉልበትህ ጋ ከደረሰ ወይም እግርህን ከገፋህ ለመኪናውም አይሆንም። ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ የት እንደሆነ ዛሬውኑ ኮፈን ከፍተህ እይ። ብዙ ሰው አጎንብሶ የሚያየው ጎማውን ነው፤ ሞተሩን የሚገድለው ግን ያ አፍ ነው።

ስታልፍ ፎር ኤል፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ፣ የሰው እርምጃ ያህል ፍጥነት። ዘለህ አትግባ። መስኮቱን ክፈት። ከፊትህ ትንሽ ማዕበል ይፈጠራል፤ እሱን ሳትቀድመው ተከተለው። ሲመሽ አትሻገር። ሞተሩ መሃል ላይ ከጠፋ ቁልፍ አትንካ። መኪናው ከውሃው ተጎትቶ ይውጣ። መካኒክ ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ ውሃውን እስኪያስወጣ ሞተሩ አይዞርም።

በሰላም ከወጣህ በኋላም ፍሬኑን እየነዳህ ቀስ ብለህ ደጋግመህ ያዘው፤ እስኪደርቅ አያቆምህም። በሳምንቱ የዲፉን ዘይት አሳይ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሰበታ እኖራለሁ። ልጆቼን ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ ደን እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ስመለስ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ዞረብኝ። መኪናው ራቭፎር ነው፣ ፎር ዊል አለው። ታዲያ ለምን ተንሸራተተ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ብዙ ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። ፎር ዊል መኪናው እንዲሄድ ነው የሚረዳው፤ እንዲቆም አይረዳም። ፍሬን ሁሉም መኪና አራት ጎማ ላይ ነው ያለው። እርጥብ አፈር ላይ የተቆለፈ ጎማ መንሸራተቻ ነው።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ይቁሙ፤ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነ ኤል ላይ ያድርጉት። እግርዎን ከፍሪሲዮኑም ከፍሬኑም ያንሱና ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ካስፈለገ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ። ኋላው መዞር ከጀመረ፣ ልብ ባይቀበለውም፣ ፍሬኑን ለቀው ትንሽ ቤንዚን ይስጡት፤ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር መሪው ይታዘዛል። ተዳፋቱን በቀጥታ ይውረዱት። በአግድም መሄድ ነው መኪና የሚገለብጠው። ጣሪያ ላይ የተጫነ ነገር ካለ ይህ ይብሳል፤ ስለዚህ ጄሪካንና ሻንጣ ከላይ አይጫን። ሽቅብ ሲወጡ አቅም ካነሰዎትም ዳገቱ ላይ ለመዞር አይሞክሩ። ፍሬን ይዘው፣ የኋላ ማርሽ አስገብተው፣ በመጡበት ቀጥ ብለው ይመለሱ።

ልጆቹ ቀበቶ ይሰሩ፤ በአሥር ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር በሁለት መኪና ወጥተን አንዱ ተያዘ። በናይለን ገመድ ስንጎትት ከፓራውርቲው ላይ ያለው ብረት ተነቅሎ በረረና የሌላውን መኪና መስታወት ሰበረ። ሰው አልተጎዳም። እንዴት ነው በትክክል የሚጎተተው? ደግሞ ገበሬዎች ሲረዱን ምን ያህል መክፈል ነው የሚገባው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነው ያተረፋችሁ። ተሳሳቢ ማሰሪያ ኳስም፣ ፓራውርቲም የመጎተቻ ቦታ አይደለም። ገመድ የሚታሰረው ሻሲው ላይ በቡሎን የተያዘ መንጠቆ ላይ ብቻ ነው። መንጠቆው የት እንዳለ ቤታችሁ በር ላይ ሆናችሁ ፈልጉት፤ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ መፈለግ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቆፍሩ፣ ከዚያ ጎትቱ። ያልተቆፈረ መኪና ሲጎተት ገመዱ ላይ የሚመጣው ጭነት በጣም ይበዛል። ገመዱ መሃል ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ወይም ግማሹ አፈር የሆነ ማዳበሪያ ጆንያ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ይጥለዋል።

ሰው ግን እንዲርቅ አድርጉ። እኛ አገር መኪና ሲያዝ ሕፃናት ከየት እንደሚመጡ አታውቁም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ይሆናሉ። ልግፋ ብለው ከጎማው ኋላ ይቆማሉ። ከእናንተ አንዱ ሥራው ልጆቹን መጠበቅ ብቻ ይሁን። ገመዱ ከሚረዝመው አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ላይ፣ በጎን በኩል ይቁሙ። ሁሉም ካልቆመ ሹፌሩ ቤንዚን አይስጥ።

ስለ ክፍያው፣ ቁጥር አልሰጥህም። ዋጋው በየቦታው ይለያያል። ግን እንዲህ አስብ፤ ሰውየው በሬውን ከእርሻ ፈትቶ ነው የመጣው። ሐምሌ ላይ የጤፍ ማሳ የሚጠብቀው ቀን አለው። የአንድ ቀን ጉልበት ዋጋ ቀድመህ ጠይቅ፤ ከመጎተቱ በፊት ተስማማ፤ ከወጣህ በኋላ አትከራከር። ጭቃውን ሽሽት ማሳው ላይ ነድተህ ከሆነ የረገጥከውን ዘር ለብቻ ክፈል። እኔ ሰፈር ሁለት ማሳ መሃል የነበረችው መተላለፊያ እንዲህ ሸሽተው በሚነዱ መኪኖች ሰፍታ ሰፍታ አንድ ቤተሰብ የጎመን መደቡን አጥቷል። ባለፈው ሳምንት አጥር ሲያጥሩበት አብሬ እንጨት ሳቀብል ነበር። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ አሁን መንገዱ በዋርካው ግራ ነው።